ሲያወሩት የሚሞት መድኃኒት

የአክስቴን ጉልበት ያሻለው ምን ነበር? እሷን ብትጠይቋት እግዚአብሔር ነው ትላለች፤ በዚህ አልከራከራትም። አብሮን የሚኖረው ተከራይ ደግሞ በዚያ ብርድ የገዛነው የጋዝ ማሞቂያ ነው ባይ ነው። እኔ ስለ ነገሩ ብዙ አንብቤአለሁ። ባነበብኩ ቁጥር ማወቄ ሳይሆን መጠራጠሬ ነው እየጠራ የሄደው። ከሲሪልዲን፣ ከጆበርግ የቻይናዎች ሰፈር ያመጣነው ጥቁር ውኃ ይሆን? ሳይሆን አይቀርም። «ሳይሆን አይቀርም» ግን መልስ አይደለም፤ መልስ ያጣ ሰው የሚያርፍበት ድንጋይ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ጄፒ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ትሸጣለች። ሱቅ ይባል እንጂ ትልቅ ፎቅ ውስጥ በጣውላ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ወንበር ከገባባት ዕቃ አይገባባትም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ትውላለች። እሑድ ደግሞ ለቅዳሴ ትቆማለች። መቆም ለእሷ ሥራም ጸሎትም ነበር ማለት ይቻላል። ጉልበቷ እንቢ ያላት ዓመት መጀመሪያ ግድግዳ ተደገፈች፤ ቀጥላ መቋሚያ ያዘች፤ በመጨረሻ ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ከነፍሰ ጡርና ከአሮጊት ጋር ተቀመጠች። ያን ዕለት ወደ ሰፈራችን ወደ ዮቪል ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ጉልበቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብኩ፤ ማትሪክ የወሰድኩትም እዚሁ ጆበርግ፣ በማታ ክፍል ተምሬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር ሁሉ እሱን የሚያናግረው ይመስለዋል። የሻምፖ ጀርባ እንኳ ሳላነብ አልታጠብበትም። በዚህ ጠባዬ የተነሣ የቤታችን አንባቢም አስተርጓሚም እኔ ነኝ። አክስቴ ለደም ግፊቷ ክኒን የምትወስድበት ክሊኒክ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ሲስተሯ የምትለውን በአማርኛ፣ እሷ የምትለውን በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። ለራሴ የሰጠሁት ሕግ አንድ ነበር፦ አልጨምርም፣ አልቀንስም። አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ ጣልቃ ሲያስገባ የታመመው ሰው ከክፍሉ እንደ ወጣ ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቻይናዎቹ መድኃኒት የነገረቻት ከጎኗ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። እዚያ ሰፈር ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ አይታ፣ ለወገቧ ሞክራ ተሽሏት ነበር። አንድ ቀን ሱቁን ቀደም ብለን ዘግተን ሄድን። ባለመድኃኒቷ ዕድሜዋ ከአክስቴ የማይርቅ ቻይናዊት ናት። ከኋላዋ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ትንንሽ መሳቢያ አለ። የአክስቴን እጅ ይዛ የደም ሥሯን ምት አዳመጠች፤ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ምን አለች?» አለችኝ አክስቴ።

«ምላስሽን አሳዪኝ ነው የምትለው።»

«ጉልበቴን ነው ያመመኝ አላልሻትም?»

«ብያታለሁ እቴቴ።»

«እንግዲህ ከዚህ ተነሥታ ጉልበት ዘንድ እስክትደርስ ሊመሽብን ነው» ብላ ምላሷን አወጣች።

ቀጥሎ ጥያቄው የእኛ ሆነ። ፍልሰታ ልትገባ ነበር። አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የፍስክ ነገር አለበት ወይ በያት» አለችኝ። «ደግሞ እባብም፣ ጊንጥም፣ እንዲህ ያለ ነገር ዝር እንዳላለበት አስምለሽ ጠይቂያት።»

ማስማሉን ትቼ ጠየቅኋት። ባለመድኃኒቷ ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ያስታውቃል። መሳቢያዎቹን እየሳበች ሥሩንም ልጡንም በመዳፏ እያፈሰች አሳየችን። አክስቴ ከአንዱ መሳቢያ ቀረፋ አሸተተችና፣ «ይቺንስ አውቃታለሁ፣ የሻይ ናት» ብላ ልቧ ትንሽ ረጋ።

በመጨረሻ ባለመድኃኒቷ ብዕሯን አንሥታ ሌላ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠየቀች። ወደ አማርኛ ልመልሰው አፌን ሳልከፍት አክስቴ ቀደመችኝ። ጄፒ የለመደችው እንግሊዝኛ ለዚህ አላነሳትም።

«ኖ» አለች። «ናቲንግ።»

ለእኔ የቀረበ ጥያቄ ስላልነበረ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው።

መድኃኒቱን እዚያው ያፈሉታል። አፍልተው፣ አጥልለው፣ አንድ ጊዜ የሚጠጣውን ለብቻ እያደረጉ በላስቲክ ከረጢት ያሽጉታል። በማግስቱ ተመልሼ ስወስድ አንድ ወረቀትም ሰጡኝ፤ ታክሲ ስጠብቅ ቆሜ አነበብኩት። ከረጢቶቹ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጡ፤ ያበጠ ወይም የሚያፈስ ከተገኘ ይጣል እንጂ አይጠጣ። ሲሞቅ ከነከረጢቱ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይግባ። ምግብ ከተበላ በኋላ ይጠጣ። ከሐኪም መድኃኒት ጋር አንድ ላይ አይወሰድ፣ በመካከሉ ሰዓታት ይለፉ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ለባለመድኃኒቱም ለሐኪሙም ይናገር። ጥሩ ወረቀት ነበር፤ ግልጽና ያልተንዛዛ። ለአክስቴ አንድም ሳላስቀር አነበብኩላት። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች፤ መጨረሻው ላይ ግን እጇን አነሣች።

«መናገሩን ተዪው» አለች። «መድኃኒት ሲያወሩት ይሞታል።»

ይህ ለእኔም እንግዳ አልነበረም። አክስቴ ባደገችበት አገር ሥር ማሽ ሥሩን የሚቆፍረው ጎሕ ሳይቀድ፣ ማንም ሳያየው፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይመልስ ነው። የበሽተኛው ቤተሰብ ምን እንደ ጠጣ ለጎረቤት አያወራም። ለሌላ መድኃኒት አዋቂ መንገርማ ጭራሽ ነውር ነው፤ የሁለት አዋቂዎች እጅ ተገናኝቶ አንዱ ሌላውን ያረክሰዋል ይባላል። ክሊኒኩ ለደሟ፣ ቻይናዊቷ ለጉልበቷ፤ በአክስቴ ሐሳብ ሁለቱ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ሳይተዋወቁ መኖር ነበረባቸው።

«ለማንም እንዳትነግሪ፣ በናትሽ አጽም ማዪልኝ» አለችኝ።

አልማልኩም። «እሺ» ግን አልኩ። እሺ ደግሞ በእኛ ቤት ከመሐላ የማይተናነስ ቃል ነው።

መጀመሪያ የተጣላነው በማስቀመጫው ነው። ፍሪጁ የጋራ ነው፤ ተከራዩም ወተቱንና ሥጋውን ያስቀምጥበታል። አክስቴ ዓይን ያረፈበት መድኃኒት ምን ዋጋ አለው ብላ ከረጢቶቹን ከራስጌዋ ካለው ቅዱስ ሥዕል መጋረጃ ጀርባ ደረደረቻቸው።

«ፍሪጅ ውስጥ ይግቡ ነው የሚለው» አልኳት።

«ይሄን ቤት አታይውም? ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው።»

ስለ ብርዱ አልዋሸችም። የጆበርግ ነሐሴ ደረቅ ብርድ ነው፤ አጥንት ይፈልጋል። ሆኖም ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ በመጣ ቁጥር የጋዝ ማሞቂያውን እንለኩሳለን፤ የምንለኩሰው ደግሞ እሷ ክፍል፣ ልክ ከሥዕሉ ሥር ነበር። ከሳምንት በኋላ መጋረጃውን ገልጬ ሳይ ሁለት ከረጢቶች እንደ ትራስ አብጠዋል። ልጥላቸው ብዬ ስወስድ አክስቴ መንገድ ዘጋችብኝ።

«መድኃኒት አይጣልም።»

«ተበላሽቷል፤ ብትጠጪው ሆድሽን ይይዝሻል።»

«እሺ፣ ከተጣለም እግር የማይረግጠው ቦታ ነው የሚደፋው።»

ዮቪል ውስጥ እግር የማይረግጠው ቦታ ፈልጉ። መንገዱ በሰውና በሻጭ ተጨናንቋል፤ ግቢያችን ሲሚንቶ ነው። ሽንት ቤት አይሆንም አለች፣ ክብር የለውም። ሁለታችንም ቆመን አሰብን፤ በመጨረሻ በረንዳ ላይ ካለው የሬት ማሰሮ ውስጥ አፈሰስነው። ሬቱ ምንም አልሆነም። የቀሩትን ከረጢቶች በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከአትክልቱ መሳቢያ ሥር አስገባኋቸው፤ በዚህ ታረቅን። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን እንዳንከፍት ተስማማን። ከተከራዩ ዓይን ግን ማምለጥ አልተቻለም፤ ዛንድስፕሩት የሚባለው ሰፈር ላሉ ትንንሽ ሱቆች ዕቃ ሲያደርስ ውሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፍተው ፍሪጁን ነው። አንድ ቀን አንዱን ከረጢት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ጠላ በላስቲክ ማሸግ ጀመሩ እንዴ?»

«የፀጉር ቀለም ነው፤ መልሰው» አለችው።

«እንዴ፣ ሻሽዎን ሳያወልቁ ለማን ሊታይ?»

«ላንተ አይደለም።»

መለሰው። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ላስቲክ አንሥቶ አያውቅም፤ አክስቴ ግን ለሁለት ቀን ያህል የመድኃኒቱ ኃይል ጎድሎ እንደሆነ ጉልበቷን እያሸች ታዳምጠው ነበር።

በአወሳሰዱም እንደዚያው ነበርን። እሷ እንደ ኮሶ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ነው የምታውቀው። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ክኒኑንም ጥቁሩንም ባንድ ላይ ልትጨርስ አሰበች። «ሆዴ ውስጥ ይተዋወቁ» አለችኝ። ሁለቱ አዋቂዎች እንዳይተዋወቁ የምትጠነቀቀው ሴት መድኃኒቶቹን ስታስተዋውቅ ምንም አልከበዳትም። ቁጭ ብዬ ለየሁላት፦ ክኒኑ የንስሐ አባቷ እንደ ፈቀዱላት ማለዳ በውኃ፣ ጥቁሩ ከምሳ በኋላ፤ ሙቅ ውኃ በሞላ ጆግ ውስጥ ነክሬ ለብ ሲል አቀርብላታለሁ። ሁሉን ነገር በወረቀቱ ልክ አደረግሁ። ከአንዱ በቀር።

ጉልበቷም ተሻላት። በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ ማማረሯ ቀረ፤ ከዚያ መቋሚያዋን ታክሲ ውስጥ ረስታው ወረደች፤ አልፈለገችውም ማለት ነው። ፍልሰታ ሲፈታ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ አስቀደሰች። ሰገደች። ወድቃ ስትነሣ ከሴቶች መካከል አየኋት። እጇን መሬት ላይ ሳታሳርፍ ነው የተነሣችው። ፊቷን ልገልጸው እችላለሁ፤ ግን የእሷ ነውና ለእሷ ልተወው።

ራስ ምታቱ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የጫማዋ ጠርዝ ተቀርጾ ይቀር ጀመር። ክሊኒክ ስንሄድ ሲስተሯ ግፊቷን ለካች፤ እንደ ገና ለካች፤ ከንፈሯን መጠጠች።

«ጎጎ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ተረጎምኩ። አክስቴ ዓይኔን ዓይኔን እያየች፣ «ምንም የለም በያት» አለች።

«ምንም የለም ትላለች» አልኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ክኒኑ ከፍ ተደረገላት።

ስንወጣ አክስቴ የተናደደችው በሌላ ነገር ነበር። «ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው አይደል? ልጅ ሳልወልድ አያት አደረገችኝ።»

እኔ አልሳቅሁም። ከረጢቱ ላይ የተጻፉትን የሥሮች ስም ይዤ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ብዙዎቹን አንብቤ አንድ ጠንካራ ነገር አላገኘሁባቸውም። አንደኛው ግን ሊኮሪስ የሚሉት ጣፋጭ ሥር ነበር፤ እሱን ሲጠጡ የሚሰነብቱ ሰዎች ላይ ግፊት እንደሚጨምር፣ ገላ ውስጥ ውኃ እንደሚያቁር፣ ልብን የሚጠብቀውን ጨው ከደም እንደሚያሳንስ፣ በተለይ የግፊት ክኒን ለሚውጥ ሰው አደገኛ እንደሆነ ያገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ተስማምቶበታል። ሲስተሯ ክኒኑን ወደ ላይ ስታደርግ እኛ ከታች እያፈላን ነበር።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። አክስቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«ደም ግፊት አይታይም» አለች። «ጉልበት ግን ይታያል። ሰግጄ ስነሣ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ራስሽን ያምሻል። እግርሽ አብጧል።»

«ቆሜ ስለምውል ነው።»

«ደም ጭንቅላትሽ ውስጥ ቢፈስስስ?»

«አፍሽን በበጎ ክፈቺ።»

«ለሲስተሯ ልንገራት እቴቴ። ምናልባት ያለዚያ ሥር የሚዘጋጅ ይኖር ይሆናል፤ ባለመድኃኒቷንም እንጠይቃለን።»

ሽንኩርቱን ጨረሰች፤ እጇን ታጠበች። «ንገሪያት» አለች በመጨረሻ። «ጉልበቴ ሕመሙ ቢመለስበት ግን ባንቺ ነው።»

ይህን ስትል ፈቀደች ለማለት አይቻልም። አልፈቀደችም። ሸክሙን ነው ያሳየችኝ። የሚገርመው እኔም ፈራሁ። ማትሪኬን ይዤ፣ ያን ሁሉ አንብቤ፣ አንድ የልቤ ጥግ ከአክስቴ ጋር ያምን ነበር። ብናገርና ጉልበቷ ቢመለስበት፣ መድኃኒቱ ስለ ተቋረጠ ነው ወይስ ስለ ተነገረ? በምን ለይቼ አውቃለሁ? ዝም ያልኩት ስለ ሰጠሁት ቃል ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ለራሷ ለጉልበቷም ሳስቼ ነበር። ያን አግዳሚ ወንበር አስታውሰው ነበር።

ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንዲሁ አለፈ። ጆጉን አላሞቅም አልኳት፤ ራሷ አሞቀች።

ቀጠሮው በደረሰበት ቀን ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ይዛ ነበር። «ዞር አለብኝ፣ አለፈ» አለች። ክሊኒኩ ደርሰን ተራችንን ጠበቅን። ሲስተሯ ለካች፤ ተነሥታ ሌላ መለኪያ አምጥታ ለካች። በዚህ ጊዜ ከንፈሯን አልመጠጠችም፤ ወንበሯን አስጠግታ አክስቴን ትክ ብላ አየቻት።

«ክኒንሽን እየዋጥሽ አይደለም ጎጎ» አለች። ለእኔ ደግሞ፣ «እየጣለችው ነው መሰለኝ። በዚህ ዓይነት ወደ ሆስፒታል ልልካት ነው» አለችኝ።

ተረጎምኩ። አክስቴ ቀና አለች። በሕይወቷ አንድ ክኒን ዘልላ አታውቅም፤ ቆጥባ እንኳ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ስድቡ ገብቷታል። «ሁሉንም ውጫለሁ በያት። ሌላ ምንም የለም በያት።»

«ሁሉንም ውጫለሁ፣ ሌላ ምንም የለም ትላለች» አልኩ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞርኩ። «እቴቴ፣ ያንቺን አድርሻለሁ። አሁን የራሴን ልናገር ነው።»

አየችኝ። እጇ ጭኗ ላይ ነበር፤ አላነሣችውም።

ለሲስተሯ ነገርኳት። ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር። ያጠብኩትን ባዶ ከረጢት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣፋጩን ሥር በጣቴ አሳየኋት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የራሴን ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሲስተሯ አልተቆጣችም፤ አልደነገጠችም። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንሥታ አነበበች፤ ለሐኪሙ እንደምታሳየው፣ ዛሬውኑ ደም እንደምትወስድ ነገረችኝ። ውጤቱ እስኪታይ ጥቁሩ ይቁም፣ ክኒኑ ግን አንድም ቀን እንዳይቋረጥ አለች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ለምንድን ነው የምትጠጣው?» አለችኝ።

ለካ ስለ አክስቴ ጉልበት ማንም ነግሯት አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ስንመላለስ የግፊት ወረፋ ስለ ሆነ ስለ ግፊት ብቻ ነበር የምናወራው።

ልመልስ ስል አክስቴ ቀደመችኝ። ከደንበኞቿ በለቀመችው የዙሉ ቋንቋ፣ «ኢዶሎ» አለች፤ ጉልበት ማለት ነው። ቀሚሷን ሰብስባ አሳየቻት። ሲስተሯ መሬት ላይ ተንበርክካ በሁለት እጇ ጉልበቷን ያዘች፤ በአውራ ጣቷ ጫን እያለች ዙሪያውን ፈተሸች።

አክስቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ዓይኗ ከሲስተሯ ጣት አልተነሣም።

«እዚያ ጋ አይደለም፣ ዝቅ ብሎ ነው በያት» አለችኝ።

«ዝቅ ብሎ ነው» አልኳት።